አንዲት የጥጥ ፀጉር

ማራኪ ኮረብታ ላይ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፣
ጄኔሬተር ያስላል፣ ከተማው ጨልሞበት።
ይርዳው መዝገብ ይዟል፤ እኔ በመርፌ ጫፍ ላይ
አንዲት የጥጥ ፀጉር፣ ብንተነፍስ የማትታይ።

ከመተማ መጣች፣ በጆንያ፣ በጭነት፣
ፍሬዋ ያልወጣ፣ ያልነካት እንዝርት።
በመስታወት አልጋ በውሃ ጠብታ አስተኛናት፣
ስስ መስታወት ደግሞ እንደ ነጠላ አለበስናት።

ማጣሪያውን አዞርኩት።
ውሃው ጨለመ፣
መስታወቱ ጨለመ፣
የይርዳው አውራ ጣት ያተመው አሻራ እንኳ ጨለመ፤
እሷ ብቻ በራች።
ወርቅ ሆነች፣ ሰማያዊ ሆነች፣ ደግሞ ወርቅ ሆነች።

«ለምን?» አለኝ ይርዳው። ይሄንንስ አውቃለሁ፤
አምስት ዓመት ሙሉ ስለዚሁ አንብቤያለሁ።
ስኳር ነው መነሻዋ፤ ጣፋጭነቱን የረሳ፣
ሻይ የማያሟሟው፣ ጉንዳን የማያነሳ፤
አንዱ ቀጥ ብሎ ሲቆም ቀጣዩ ተገልብጦ፣
እልፍ ላይ እልፍ ሆኖ ባንድ መስመር ተቀምጦ።
ጎረቤቱን የሚይዝባት የሃይድሮጅን ጣት
ለብቻዋ ደካማ ናት፣ እንደ ሸረሪት ዘሃ፤
ሺዎቹ ሲይዙ ግን አያስለቅቃቸው ውሃ።
ተረቱን ታውቁታላችሁ፤ አንበሳውን እለፉት፤
ደርዝ ይዘው ስለቆሙ ነው ብርሃኑን ያጠመዘዙት።

ይህን ሁሉ ጽፌ አንድ ነገር ቀረኝ፤
የራሷ መጠምዘዝ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።
ሪባን ትመስላለች፤ ወደ ግራ ትዞራለች፣
ጥቂት ሄዳ ታመነታለች፣
ወደ ቀኝ ትመለሳለች፣
በቁጥር አልገዛም አለች።

ቅዳሜ አዲስ ዓለም ወረድኩ፣ አባቴ ቤት፤
እግሩን ጉድጓድ ከቶ፣ ከሸማ ዕቃው ፊት፣
በድሩ ሸማኔው፣ ስልሳ ዓመት መወርወሪያ ያመላለሰ፣
ዓይኑ ሞራ ቢለብስ በጣቱ የሚያይ፣ እየዳሰሰ።
ፎቶውን ዘረጋሁና «እየው» አልኩት፤ ወዲያው አፈርኩ።
ሳቀ። «ራውዳ፣ ወረቀቱን ተይው፤ ጥጡን ወዲህ በይው።»

ከቦርሳዬ አውጥቼ ትንሽ ባዘቶ ሰጠሁት።
ሳብ አደረገው። ለቀቅ። ደግሞ ሳብ።
ድሩ ላይ ዝንብ አርፋ ነበር፤ እሷንም አላባረራት።

«ልጅ ሆኜ» አለ «ለቀማ መተማ ወርጄ፣
ያልበሰለውን ፍሬ በጥርሴ ፈልቅቄ፣
አሠሪው ሲቆጣ፣ እኔ ደግሞ ሰርቄ፣
ልፈትለው ሞክሬ አላውቅም መሰለሽ?
እርጥብ ነው፤ ሙልት ያለ፤ ልቡ ውሃ አለው፤
ያንሸራትታል እንጂ ጓደኛውን አይዘው።
ቆባው ሲፈነዳ፣ ፀሐይ ስታገኘው፣
ሆዱ ይጎድላል፣ ይተኛል፣ ይጠማዘዛል።
ሲደርቅ ነው ልጄ፣ መያዝ የሚያውቀው።»

«ግራ ቀኝ ማለቱስ?»

«እሱን እኔ ምን አውቄ!
አንቺ አይደለሽ እንዴ የተማርሽው?»
እግሩን አነሳ፣ ረገጠ፤ ድሩ አፉን ከፈተ፤
መወርወሪያው አለፈ፣ ነገሩም እዚያው ተከተተ።

ሰኞ ማታ ቅጹን ሞላሁ።
የመጠምዘዙ ምክንያት፦ የሴሉ ውሃ ሲደርቅ።
የሚቀያየርበት ምክንያት፦ ገና።
ምንጭ፦ እዚህ ላይ ቆየሁ፤
«በድሩ፣ ሸማኔ፣ አዲስ ዓለም» ብዬ ጻፍኩ።
ይርዳው በትከሻዬ አጮልቆ አነበበ፤
«ይሄ አያልፍም» አለ፤ ጥቂት አሰበና
«አድራሻውን ጨምሪበት» አለ።

የቤት ቁጥር የለውም አባቴ።
«ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ፣ የመወርወሪያ ድምፅ ያለበት» ብለው
መስመሩ አልበቃኝ አለ።

ይኼኔ ጄኔሬተሩ አስሎ አስሎ ዝም።
አጉሊው ጠፋ። ወርቁም፣ ሰማያዊውም።
ይርዳው ክብሪት ፍለጋ መሳቢያ ሲያንኳኳ
እኔ በጨለማው አውራ ጣቴን በሌባ ጣቴ አሸሁ፤
የሆነ ነገር ነበረ መሃላቸው፣
እጅግ ቀጭን፤
ወደየት እንደሚዞር አላወቅሁም፤
አልለቀቅሁትም።